ከሩቁ ጀምሮ ወደ ቅርቡ፦ ከአዲስ አበባ ጢያ፣ አዳዲ ማርያምና መልካ ቁንጡሬ በአንድ ቀን

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ፣ 90 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ውስጥ፣ ሦስት ጥንታዊ ቦታዎች አሉ። የጥንት ሰው ቅሪትና የድንጋይ መሣሪያ የተገኘበት መልካ ቁንጡሬ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከአለት የተፈለፈለችው ቤተ ክርስቲያን አዳዲ ማርያም የምትገኝበት ቦታ ከዚያ አለፍ ብሎ፣ ከዋናው መንገድ በስተ ቀኝ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ይላል። የጢያ ትክል ድንጋዮች የመጨረሻዎቹ ናቸው። አዳዲን ጨምሮ ደርሶ መልሱ 200 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ለአንድ ቀን ልክ የሆነ ጉዞ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ከተበላሸ ግን ሦስቱንም ረግጦ አንዱንም በቅጡ ሳያዩ መመለስ ይመጣል።

አብዛኛው ሰው የሚሄደው መንገዱ እንዳቀረበለት ነው፤ መጀመሪያ መልካ ቁንጡሬ፣ ቀጥሎ አዳዲ፣ በመጨረሻ ጢያ። በዚህ አካሄድ ጢያ የሚደረሰው ከቀኑ 7 ወይም 8 ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ፀሐይ አናት ላይ ናት፤ በድንጋዮቹ ላይ የተቀረጹት ሰይፎችና ምልክቶች ጥላ ስለማይኖራቸው ይጠፋሉ፤ ድንጋዩ ልሙጥ ግራጫ ሆኖ ይታያል። «ይሄን ለማየት ነው ይህን ያህል መንገድ የመጣነው?» ብሎ ቅር እያለው የሚመለስ ሰው፣ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሰዓቱ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚለው ተቃራኒውን ነው፤ በማለዳ ሳትቆሙ እስከ ጢያ ሂዱ፤ የቀሩትን እየተመለሳችሁ እዩ።

ሌላም ጥቅም አለው። ቀኑ ካጠረ ሳታዩት የምትተዉት መልካ ቁንጡሬን ነው፤ እሱ ደግሞ ለከተማው ቅርብ ስለሆነ በሌላ ጊዜ በግማሽ ቀን ይታያል። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ቢመጣም ሜዳ ላይ ያለውን ጢያን አይታችሁ ጨርሳችኋል።

ቀን አመራረጥ

ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይመረጣል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ መንገዱ ይደርቃል፣ ፀሐይዋም በማለዳ ከሌላው ወቅት ይልቅ ዝቅ ብላ ትቆያለች። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ መሄድ አይከለከልም፤ ችግሩ ወደ አዳዲ የሚገባው ያልተነጠፈ መንገድ ነው። አፈሩ ሲረጥብ ጎማ ላይ እየተጠቀለለ የሚይዝ ነው፤ ዝቅ ያለ የቤት መኪና እዚያ ውስጥ ከተቀመጠ ግማሽ ቀን ይበላል። ሌሊቱን ዘንቦ ካደረ አዳዲን ትታችሁ በሁለቱ ላይ ረጋ ማለት ይሻላል።

ሁለተኛው ነገር ቅዳሴ ነው። አዳዲ ማርያም ዛሬም የሚቀደስባት ቤተ ክርስቲያን ናት። እሑድ ቅዳሴ ማለዳ ስለሚያልቅ፣ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ስትደርሱ ካህናቱን ታገኛላችሁ፤ ጉብኝቱም ማንንም አያውክም። በጾም ቀን ግን ቅዳሴ ካለ ከቀኑ 6 ሰዓት አካባቢ ገብቶ እስከ 9 ሰዓት ሊቆይ ይችላል፤ ውስጡን ለመጎብኘት የምትጠብቁት ያን ሁሉ ነው። ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም ዐቢይ ጾም ላይ ከሆናችሁ ጢያን በ3 ሰዓት ተኩል ጨርሳችሁ ውጡ፤ ከ5 ሰዓት በፊት አዳዲ ትደርሳላችሁ።

ወር በገባ በ21 የማርያም ቀን ነው። በተለይ ጥር 21፣ አስተርዮ ማርያም፣ ሕዝቡ ብዙ ነው። ለማክበር ለሚሄድ ደስ የሚል ቀን ነው፤ የአለቱን ሥራ ረጋ ብሎ ማየት ለሚፈልግ ግን አይሆንም።

ከዋዜማው

መኪናውን በዋዜማው አሰናዱ። ነዳጅ ከከተማው ሙሉ፤ ለመካከለኛ የቤት መኪና 20 ሊትር ያህል ይበቃል፤ 30 ሊትር ቢኖራችሁ መንገድ ላይ ማደያ እየፈለጋችሁ አትጨነቁም። የስኮርታውን ንፋስ ለኩ፤ ክሪኩና የጎማ መፍቻው መኪናው ውስጥ መኖሩን በእጃችሁ ነክታችሁ አረጋግጡ። ጎማ የሚፈነዳው ብዙ ጊዜ በአዳዲ ኮረኮንች ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ጎማ ቤት የለም።

የመንገዱን ሁኔታና ጸጥታ በዚያ መስመር ከሚሠራ ሾፌር በዋዜማው ጠይቁ። መታወቂያ ሁሉም ሰው ይያዝ፤ ኬላ ላይ ይጠየቃል፤ መግቢያ ላይም ለኢትዮጵያዊ የሚከፈለው ከውጭ ዜጋው ያነሰ ስለሆነ ይጠቅማል። ብሩ ዝርዝር ይሁን። ሦስቱም ቦታ ለየብቻ ነው የሚከፈለው፤ መልስ የሚሆን ዝርዝር አለመኖሩ የተለመደ ነው። ስትከፍሉ ደረሰኝ ጠይቁ።

ከዚህ ሌላ የሚያዘው ጥቂት ነው። ለአንድ ሰው 2 ሊትር ውሃ፤ ምሳ፤ ባርኔጣ፤ ለማለዳው ብርድ ጃኬት፤ ለሴቶች ነጠላና ረዘም ያለ ቀሚስ፤ ለሁሉም በቀላሉ የሚወልቅ ጫማና ወፍራም ካልሲ። ከሁሉም በላይ ጥሩ የእጅ ባትሪ አትርሱ። አዳዲ ውስጥ ለማየት፣ ጢያ ላይ ደግሞ ቅርጹን ለማውጣት ትጠቀሙበታላችሁ። የስልክ መብራት ይሠራል፤ ግን ቻርጁን ቶሎ ይጨርሳል። ጥቁር ጃንጥላም ያዙ፤ ምን እንደሚያደርግ ከታች ተጽፏል።

መውጫው

ከቤት የምትወጡት ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ቢዘገይ 12 ተኩል ነው። በአየር ጤናና በካራቆሬ በኩል ወደ ዓለም ገና ሂዱ። ከ1 ሰዓት በኋላ ይህ መውጫ በጭነት መኪናና በሚኒባስ ይታፈናል፤ በማለዳ 30 ደቂቃ የሚፈጀው ከዚያ በኋላ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። ማለዳ መነሳት የሚከብዳችሁ ከሆነ ይህን አስቡ፤ ግማሽ ሰዓት ተጨማሪ እንቅልፍ የጢያን ብርሃን ያሳጣችኋል።

ዓለም ገና ላይ ተጠንቀቁ። ቀጥታ የሚሄደው ወደ ሰበታና ጅማ ነው፤ የእናንተ መንገድ ወደ ግራ፣ ወደ ደቡብ የሚታጠፈው የቡታጅራ መንገድ ነው። ሰበታ ከተማ ውስጥ ከገባችሁ አልፋችሁታል ማለት ነው። ከመታጠፊያው በኋላ እስከ ጢያ ድረስ አስፋልት ነው። አዋሽን በድልድይ ስትሻገሩ መልካ ቁንጡሬ ናችሁ፤ አትቁሙ። ከብትና አህያ መንገድ ላይ ስለሚበዛ ከ70 እስከ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይበቃል። 2 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ጢያ ትደርሳላችሁ።

ጢያ፦ ድንጋይ በብርሃን ሲነበብ

የጢያ ትክል ድንጋዮች በጉራጌ ምድር፣ በሶዶ የሚገኙ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። በሶዶ አካባቢ ከሚታወቁት 160 ያህል ተመሳሳይ ቦታዎች ዋነኛው ይህ ነው። በአጠቃላይ 36 ናቸው፤ ከነሱም 32ቱ ቅርጽ አላቸው። 33ቱ 45 ሜትር ያህል በሚረዝም መስመር ተደርድረዋል፤ ሦስቱ ጥቂት ራቅ ብለው ለብቻቸው ናቸው። ቁፋሮው ቦታው መቃብር መሆኑን አሳይቷል፤ መቃብሮቹም ከ700 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ናቸው።

የአካባቢው ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል። ግራኝ አሕመድ የ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰው ነው፤ መቃብሮቹ ከሱ በብዙ ይቀድማሉ። ስያሜው ግን ከንቱ አይደለም፤ የተሠራበት ዘመን ሲረሳ ሕዝቡ ታላቁን ነገር ሁሉ በሚያስታውሰው ታላቅ ስም መጥራቱን ያሳያል።

ለጢያ አንድ ሰዓት ስጡ። እንዲህ ተመልከቱ።

መጀመሪያ ከአስጎብኚው ጋር ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ እለፉ፤ ፎቶ አታንሱ። ስንት ዓይነት ምልክት እንዳለ ዓይናችሁ ይልመድ። በብዛት የምታዩት ሰይፍ ነው፤ ክቦች አሉ፤ ታች አካባቢ እንደ ቅጠል ወይም እንደ ሥር የሚከፈል ምልክትም አለ። አስጎብኚዎች ሰይፉን ሟቹ የገደለው ሰው ቁጥር ነው፣ ቅጠሉን እንሰት ነው ይላሉ። የሚነገረው ትውፊት ነው፤ መስማት ያስደስታል፤ ተመራማሪዎች ግን አብዛኛው ምልክት ገና አልተፈታም ነው የሚሉት። ማስታወሻ የምትይዙ ከሆነ «ይባላል» የሚለውን ቃል አትዝለሉት።

ከዚያ ወደ አንዱ ድንጋይ ቅረቡና ብርሃኑን ተከታተሉ። ቅርጹ ከድንጋዩ ወለል ብዙም ስለማይርቅ እንዲታይ የሚያደርገው የራሱ ጥላ ብቻ ነው። ፀሐይ ፊት ለፊት የምትመታው ገጽ ላይ ጥላ የለም፤ ቅርጹ ይደበዝዛል። ሙሉ በሙሉ ከጀርባ ስትሆንም አይታይም። የሚያምረው ፀሐይዋ ከጎን እየዳሰሰች የምታልፍበት ገጽ ነው፤ የሰይፉ አንድ ጠርዝ ይበራል፣ ሌላው ጠርዝ ይጠቁራል፤ እጀታው ከስለቱ ተለይቶ ይወጣል። የተቀረጸው ገጽ አሁን ብርሃን ካላገኘ ቀጣዩን እዩና ከሩብ ሰዓት በኋላ ተመለሱ፤ በዚያች ጊዜ ብዙ ይለወጣል።

ዘግይታችሁ ከደረሳችሁ ጃንጥላው እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው። አንድ ሰው ጥቁሩን ጃንጥላ ዘርግቶ በድንጋዩ ላይ ጥላ ያጥላ። ሌላው ባትሪውን ከድንጋዩ ገጽ ጎን፣ መብራቱ ገጹን ሊነካ እስኪል ድረስ አጋድሞ ያብራ። ባትሪውን ፊት ለፊት ብታበሩት ምንም አይወጣም፤ ወደ ጎን ስታጋድሙት ግን ሰይፉ እንደ አዲስ ብቅ ይላል። አንድ እጅ ስፋት ያህል ከፍና ዝቅ እያደረጋችሁ ሞክሩ። ፎቶውን ሦስተኛው ሰው ያንሳ፤ የስልኩን ፍላሽ ያጥፋ።

ቅርጹን ለማጉላት ብሎ ውሃ ማፍሰስ፣ በኖራ ወይም በጠመኔ መሙላት፣ ወረቀት ለጥፎ በእርሳስ መፈግፈግ ፈጽሞ አይደረግም። ውሃው ወደ ስንጥቁ ይገባል፣ ጠመኔው አይለቅም፣ መፈግፈጉ የላላውን ቅንጣት ይዞ ይመጣል። ድንጋዩን ተደግፎ መቆምም እንዲሁ ነው። ከታች ሰው እንደተቀበረም አትርሱ፤ በድንጋዮቹ መካከል ስትሄዱ በተጠረገው መንገድ ተጓዙ።

ጢያን ስትጨርሱ አንድ ፈተና ይመጣል፤ ቡታጅራ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የቀረው፣ ክትፎውም የታወቀ ነው። ደርሶ መልሱና ምሳው ሦስት ሰዓት ይወስዳል፤ አዳዲና መልካ ቁንጡሬ ሁለቱም ይቀራሉ። ክትፎውን ለሌላ ቀን አቆዩት። ጢያ ከተማ ላይ ሻይ ቡና ብላችሁ ተመለሱ።

አዳዲ ማርያም

ወደ አዲስ አበባ እየተመለሳችሁ፣ አዋሽ ከመድረሳችሁ በፊት፣ በስተ ግራ ያለውን መታጠፊያ ፈልጉ። ምልክቱ በቀላሉ ያልፋል፤ የአዋሽ ድልድይ ከታያችሁ አልፋችሁታልና ተመለሱ። ከመታጠፊያው ያለውን 12 ኪሎ ሜትር በግማሽ ሰዓት ሂዱት፤ መቸኮል ጎማ ያስከፍላል።

በትውፊት የንጉሥ ላሊበላ ሥራ የምትባለው ይህች ውቅር ቤተ ክርስቲያን በአገሪቱ ካሉት ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ወደ ደቡብ ርቀው ከሚገኙት አንዷ ናት። ከላሊበላ የሚለያት መጠኗና ጸጥታዋ ነው። ከሩቅ ሕንፃ አይታይም፤ ጣሪያዋ ከመሬት እኩል ነው። ወደ ታች ወርዳችሁ ስትገቡ ነው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መሆናችሁ የሚገባችሁ።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ የሚመለከተውን ካህን ወይም ዲያቆን አግኙ፤ ቁልፉ እሱ ጋ ነው። ከፍላችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ። ሴቶች በሴቶች በር፣ ወንዶች በወንዶች በር ይገባሉ። ጫማ ይወልቃል፤ ወለሉ ቀዝቃዛና አንዳንድ ቦታ እርጥብ ነው፣ ካልሲው ለዚህ ነው። በሮቹ ዝቅ ያሉ ስለሆኑ ጎንበስ በሉ፤ ረጅም ሰው ግንባሩን የሚመታው ሲገባ ሳይሆን ሲወጣ፣ ዓይኑ ወደ ብርሃኑ ሲያይ ነው። ወደ መቅደሱ መቅረብ አይፈቀድም። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ካህኑን ጠይቁ።

ውስጥ ስትገቡ ሁለት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ቁሙ። ዓይን ጨለማውን ሲለምድ ብዙ ነገር ያለ ባትሪ ይታያል። ከዚያ ባትሪውን እንደ ጢያው ከጎን አብርታችሁ ግድግዳውን ተመልከቱ፤ የመሮው ምት አንድ በአንድ ይታያል። ምቶቹ የሚያጋድሉበትን አቅጣጫ ተከተሉ። ቀኝ እጁን ዘርግቶ የሚመታው ሰው የት እንደቆመ፣ የት ላይ እንደዞረ ታነባላችሁ። እዚህ ድንጋይ አልተደረደረም፤ የተሠራው በመቀነስ ነው፤ አንድ ምት ቢሳሳት መልሶ የሚለጠፍ የለም።

45 ደቂቃ ይበቃል። ምሳችሁን ከግቢው ውጭ ጥላ ፈልጋችሁ ብሉ፤ ፌስታሉን ይዛችሁ ተመለሱ።

መልካ ቁንጡሬ

ከቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ አዋሽ ዳር ትደርሳላችሁ። ከ9 ሰዓት በኋላ መድረስ አያዋጣም፤ ጠባቂው ለመዝጋት ሲቸኩል እናንተም ትቸኩላላችሁ።

መልካ በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ነው። ወንዙ መሬቱን እየቆረጠ ሲወርድ ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት የሚደርስ ታሪክ በንብርብር አወጣ። በየንብርብሩ መካከል የእሳተ ገሞራ አመድ አለ፤ ዕድሜው የሚለካው በዚያ አመድ ነው። ቦታው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1963 በሆላንዳዊው ጄራርድ ዴከር ነው፤ ከ1965 ጀምሮ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ለአሥርት ዓመታት ቆፍረውበታል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በአቅራቢያው ካለው ባልጭት ከተባለ ቦታ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ሙዚየሙ አራት ክብ ጎጆዎች ናቸው። ስለ እሳተ ገሞራውና ስለ ንብርብሩ የሚያስረዳውን መጀመሪያ እዩ፤ እሱን ያልያዘ ሰው የቀረው የድንጋይ ክምር ነው የሚመስለው። ጋርባ 4 በተባለው የቁፋሮ ቦታ ስለተገኘው የሕፃን መንጋጋም ጠይቁ። ዕድሜው 2 ሚሊዮን ዓመት ያህል መሆኑና ሆሞ ኢሬክተስ የተባለው የጥንት ሰው ዝርያ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2023 ተገልጿል፤ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በዚያን ዘመን ሰው መኖሩን ያሳየ ግኝት ነው።

ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ባልጩቱ ነው። ባልጩት ላቫ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር ጥቁር የተፈጥሮ ብርጭቆ ነው፤ ባልጭት የተባለው ቦታም መሬቱ በዚሁ ድንጋይ የተሞላ ነው። በሰው የተመታውን እንዲህ ለዩት። ምቱ ያረፈበት ጫፍ ሥር ትንሽ እብጠት አለ፤ ከዚያ ተነስቶ ጠጠር የወደቀበት ኩሬ እንደሚያወጣው ዓይነት ሞገድ በብርጭቆው ላይ ይሰፋል። አንድ ብቻ ከሆነ ተፈጥሮም ልታደርገው ትችላለች፤ በሁለቱም ገጽ፣ በዙሪያው፣ ምቶቹ ተራ ይዘው ከተደረደሩ ግን የሰው እጅ ነው። የእጅ መጥረቢያ የሚባለው ይህ ነው።

ሜዳ ላይ ባልጩት ስታዩ አታንሱት። ጠርዙ እንደ ምላጭ ይቆርጣል፤ ከዚያም በላይ፣ ከቦታው የተነሳ ድንጋይ ከየትኛው ንብርብር እንደመጣ ስለማይታወቅ ለጥናት አይሆንም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረትም ቅርስ ነው፤ በኪስ ይዞ መሄድ ወንጀል ነው። ለልጆች ይህን ከመኪናው ሳይወርዱ ንገሯቸው።

በመጨረሻ ከጠባቂው ጋር በእግር ጎምቦሬ 2 ወደተባለው የቁፋሮ ቦታ ሂዱ። የተቆፈረው ወለል አጥንቱና መሣሪያው እንደተገኘ ሆኖ ከጣሪያ ሥር ተጠብቋል። በዚሁ በጎምቦሬ 700 ሺህ ዓመት ያስቆጠረ የእግር ዱካ ተገኝቷል፤ ከዱካዎቹ መካከል የትንሽ ልጅ አለ። ጢያንና አዳዲን በሠራው ሰውና በዚህ ልጅ መካከል ያለውን ርቀት ማሰብ ከባድ ነው፤ በመኪና ግን አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

10 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሱ። ከብቶች ወደ ቤት የሚመለሱበት ሰዓት ስለሆነ እስከ ዓለም ገና ቀስ ብላችሁ ንዱ፤ ሳይጨልም መግባት ግዴታ ነው።

መኪና ለሌለው

ሦስቱን በሕዝብ ማመላለሻ በአንድ ቀን መጨረስ አይቻልም ብላችሁ ተነሱ፤ ጢያንና መልካ ቁንጡሬን ምረጡ። የቡታጅራ መኪና ከየትኛው መናኸሪያ እንደሚነሳ በዋዜማው አረጋግጡና 11 ሰዓት ተኩል ንጋት ላይ ቦታው ላይ ሁኑ፤ መኪናው የሚነሳው ሲሞላ ነው። ሲሳፈሩ ለረዳቱ «ጢያ ወራጅ» በሉ። እስከ ቡታጅራ ሙሉ ዋጋ ሊጠይቃችሁ ይችላል፤ ሳትቀመጡ ተነጋገሩ።

የሚያስቸግረው መመለሻው ነው። ከቡታጅራ የሚመጡ መኪኖች ጢያ የሚደርሱት ሞልተው ነው፤ በተለይ እሑድ ከሰዓት። ከጢያ ከ5 ሰዓት በፊት ተሳፈሩ፤ አዋሽ ድልድይ ላይ ውረዱ። ከመልካ ቁንጡሬ ወደ ዓለም ገና አጭር መንገድ የሚሠሩ ሚኒባሶች ስላሉ እዚያ ያን ያህል አይከፋም፤ ከ10 ሰዓት ሳታሳልፉ ግን መንገድ ዳር ውጡ። ቡድናችሁ አራት ከሆነ ለቀኑ መኪና ተከራይቶ ወጪውን መካፈል የተሻለ ነው፤ ስትዋዋሉ «አዳዲን ጨምሮ፣ ኮረኮንች 24 ኪሎ ሜትር አለው» ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት። ይህ ሳይነገር ከቀረ ሾፌሩ መታጠፊያው ላይ ቆሞ ተጨማሪ ይጠይቃል፤ እሱም እውነት አለው።